የዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎ ከዓይን ሥር እብጠት ሲቀር

ከዓይን ሥር ያለውን እብጠት ለማስወገድ ገንዘብ ከፍሎ፣ ፍርሃቱንና ሕመሙን ችሎ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ከወራት በኋላም እብጠቱን መስታወት ውስጥ ሲያየው ቢያዝን እውነት አለው። «የቅንጦት ነገር ነው» ብሎ ማጣጣል አይገባም። የሚያስፈራው ቀጥሎ የሚወሰደው እርምጃ ነው። ብዙዎች ወደ ሌላ ሐኪም ሄደው «የቀረውን ስብ አውጣልኝ» ይላሉ። የቀረው ነገር ግን ስብ ላይሆን ይችላል። ፈሳሽ፣ ጡንቻ፣ የላላ ቆዳ፣ ድሮ የተወጋ ፊለር (ጉድጓድ የሚሞላ መርፌ)፣ ወይም እብጠት የሚመስል ጥላ ሊሆን ይችላል። ስብ በሌለበት ስብ ፍለጋ የሚገባ ቢላ ዓይኑን ያጎደጉደዋል፣ የታችኛውን ቆብ ወደ ታች ይጎትተዋል። ያንን መጠገን ከመጀመሪያው ሥራ እጅግ ይከብዳል። ስለዚህ የሚከተሉት እርምጃዎች በቅደም ተከተል ቢሄዱ ይሻላል፤ ሕክምናው የሚመረጠው እብጠቱ ምን እንደሆነ ከታወቀ በኋላ ነውና።

1. ምን እንደተሠራልዎት ይወቁ

ቀዶ ሕክምና አድርገው ምን እንደተደረገላቸው በትክክል የማያውቁ ሰዎች ብዙ ናቸው። የላይኛው ቆብ ብቻ ተሠርቶላቸው ከሆነ ከዓይን ሥር ያለው እብጠት መቅረቱ የሚጠበቅ ነው፤ አልተነካምና። በአገራችን በዓይነ ማዝ ምክንያት ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ታጥፎ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎችም አሉ። ያ ሥራ ዓይንን ከመታወር ለማዳን የሚደረግ እንጂ ለእብጠት አይደለም። ቢሆንም ጠባሳ ትቶ ያለፈ ነውና ለአዲሱ ሐኪም መነገር አለበት።

የሠራልዎትን ክሊኒክ የቀዶ ሕክምናውን ሪፖርት ይጠይቁ። ውጭ አገር ከሆነም በኢሜይል ይላክልዎት። ሪፖርቱን ሲያገኙ የሚፈልጉት ይህን ነው፦ ቢላው የገባው ከሽፋሽፍቱ በታች ባለው ቆዳ ነው ወይስ በቆቡ ውስጠኛ ገጽ? ስቡ ወጣ ወይስ ወደ ጎድጓዳው ቦታ ተዛወረ? ቆዳና ጡንቻ ተቆርጧል? የዓይኑ ውጫዊ ጥግ በስፌት ጠብቋል? በውስጠኛው በኩል የሚደረገው ሥራ አዲስ አይደለም፤ ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም ዡሊየን ቡርጌ በ1924 እ.ኤ.አ. ገልጾታል። ጥቅሙ ቆዳ ላይ ጠባሳ አለመተዉና ቆቡን የመጎተት አደጋው ማነሱ ነው። የእርስዎ ሥራ በየትኛው መንገድ እንደተደረገ ማወቅ ሁለተኛው ሐኪም በየትኛው በኩል ቢገባ እንደሚሻል ይወስናል።

ከቀዶ ሕክምናው በፊትም ሆነ በኋላ ዓይንዎ ሥር ፊለር ተወግተው ከሆነ፣ ዓመታት ቢያልፉም ይጻፉት። «ያ እኮ ጠፍቷል» አይበሉ። ዓይን ሥር የሚወጋ ሃያሉሮኒክ አሲድ በማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ጊዜ አልፎ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል።

2. ጊዜ ይስጡት

መበለዙ በአብዛኛው በሁለት ሳምንት ውስጥ ይጠፋል። ቀሪው እብጠት ግን ሁለት ሦስት ወር ሊቆይ ይችላል፤ በአንዳንድ ሰው ከዚያም ይበልጣል። ጠባሳው ውስጥ ለውስጥ እስኪለሰልስ ድረስ ስድስት ወር፣ አንዳንዴም ዓመት ይፈጃል። ልምድ ያለው ሐኪም ለውበት ብቻ የሚደረግን ድጋሚ ቀዶ ሕክምና ከስድስት ወር በፊት ለመሥራት የማይቸኩለው ለዚህ ነው። በሁለተኛው ወር «ነገ ና፣ እናስተካክለዋለን» የሚል ሐኪም ካጋጠመዎት ሌላ ሰው ያማክሩ።

እየጠበቁ ሳለ በወር አንድ ጊዜ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ብርሃን፣ በአንድ ሰዓት ፎቶ ይነሡ፤ ፊት ለፊት፣ በጎን፣ ወደ ላይ እያዩ። መስታወት ላይ በየቀኑ የሚያይ ሰው ለውጡን አያስተውለውም፤ ፎቶው ግን ያሳያል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የነበረውን ፎቶም ፈልገው አብረው ያስቀምጡ።

3. እብጠቱን ራስዎ ይመርምሩት

ይህ ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባ እርምጃ ነው። መስታወት ይዘው መስኮት አጠገብ ይቀመጡ።

ጭንቅላትዎን ሳያንቀሳቅሱ በዓይንዎ ብቻ ወደ ላይ ይመልከቱ። እብጠቱ ጎልቶ ከወጣ፣ ወደ ታች ሲያዩ ደግሞ ከቀነሰ ስብ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ስቡ ከዓይን ኳስ በታች በሦስት ክፍል ተከፍሎ ይቀመጣል፤ በአፍንጫ በኩል፣ በመሐልና በጆሮ በኩል። በጆሮ በኩል ያለው ጠልቆ ስለሚቀመጥ በመጀመሪያው ሥራ ሳይነካ የሚቀረው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ስለዚህ የአፍንጫው በኩል ጠፍጣፋ ሆኖ ወደ ጆሮ በኩል ብቻ ጉብ ያለ ነገር ካዩ ይህ ጥሩ ምልክት ነው፤ ከሁሉም የሚቀለው ጥገና የዚህ ነው።

ወደ ላይም ወደ ታችም ሲያዩ የማይለወጥ፣ ጠዋት የሚብስና ከሰዓት በኋላ የሚቀል፣ ጨው የበዛበት ወጥ በበሉ ማግስት የሚያብጥ ከሆነ ፈሳሽ ነው። በጣት ሲነኩት ለስለስ ይላል። ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ጥላ ካለውና ፊለር ተወግተው ከነበረ፣ ውኃ የሳበውን ፊለር ይጠርጥሩ።

ከዚያ ቦታውን ይመልከቱ። በጣትዎ የዓይንዎን ጉድጓድ የታችኛውን አጥንት ይዳስሱ። እብጠቱ ከአጥንቱ በላይ የሚያልቅ ከሆነ የዓይን ቆብ ጉዳይ ነው። ከአጥንቱ በታች፣ በጉንጭ አናት ላይ እንደ ትንሽ ከረጢት የተንጠለጠለ ከሆነ ግን ፌስቱን የሚባለው ነው። ይህ የስብ ሳይሆን የላላ ቆዳ፣ የላላ ጡንቻና የፈሳሽ ድብልቅ ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ «እብጠቴ ወደ ታች ወረደ» የሚሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚያዩት ይህንን ነው፤ በፊትም ነበረ፣ ከላይ ያለው ስብ ሲነሣ ጎልቶ ታየ።

ቀጥሎ ፈገግ ይበሉ። ከሽፋሽፍቱ ሥር አግድም ጥቅል ሆኖ የሚያብጥ ከሆነ ዓይንን የሚጨፍነው ጡንቻ ነው። ብዙ ሰው ላይ ያለ፣ ፊትን የሚያሳምር ነገር ነው፤ በእኔ እምነት እንዳለ መተው ይሻላል።

በመጨረሻ መብራት ይጠቀሙ። ከራስዎ በላይ ባለ አምፑል ሥር ከባድ እብጠት መስሎ የሚታየው፣ ብርሃኑ ፊት ለፊት ሲመጣ ከጠፋ እብጠት ሳይሆን ጉድጓድ ነው። ስብ ከመጠን በላይ የወጣለት ዓይን እንዲህ ይሆናል፤ አጠገቡ ያለው ሁሉ ሲጎደጉድ ትንሹ ቀሪ ጉብታ ተራራ ይመስላል። እንዲህ ያለው ሰው የሚያስፈልገው መሙላት ሆኖ ሳለ ማስወጣት ይጠይቃል።

4. በሽታ አለመሆኑን ያረጋግጡ

የታይሮይድ ዕጢ መታወክ፣ የኩላሊት ሕመምና አለርጂ ሁሉም ዓይን ሥር ያሳብጣሉ። ጠዋት ፊትዎ በሙሉ የሚያብጥ፣ እግርዎ ሲጫኑት የሚሰረጉድ፣ ሽንትዎ አረፋ የሚበዛው ከሆነ ስለ ውበት ከማሰብዎ በፊት የሽንትና የደም ምርመራ ያድርጉ። ክብደት ያለ ምክንያት መቀነስ ወይም መጨመር፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ዓይን ወደ ፊት መውጣት ካለ የታይሮይድ ምርመራ ያስፈልጋል። የታይሮይድ የዓይን ሕመም ያለበት ሰው ሕመሙ ረግቶ ለወራት ሳይለወጥ እስኪቆይ ድረስ የቆብ ቀዶ ሕክምና አይደረግለትም። በአንድ ዓይን በኩል ብቻ አዲስ የወጣ ጉብታ፣ ሁለት ሆኖ መታየት ወይም ሕመም ካለ ቀጠሮ ሳይጠብቁ የዓይን ሐኪም ይዩ።

ዓይንዎ የሚያሳክክዎት፣ የከሰል ጭስና ዕጣን የሚያስለቅስዎት ከሆነ አለርጂውን መጀመሪያ ይታከሙ። ማሻሸት ብቻውን የቆቡን ቀጭን ቆዳ ያላላል፣ ያጠቁራልም። የጨው ነገርም እንዲሁ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፣ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ሽሮውም፣ በርበሬውም፣ ዳቦውም ጨው እንዳላቸው ሲያስቡት ቁጥሩ ቶሎ ይሞላል። ከፍ ባለ ትራስ መተኛትም ፈሳሹን ይቀንሳል። እብጠታቸው ፈሳሽ ብቻ የሆነ ሰዎች ከዚህ በላይ ላያስፈልጋቸው ይችላል።

5. ሕክምናውን ከእብጠቱ ጋር ያገናኙ

ቀሪ ስብ ከሆነ መፍትሔው ድጋሚ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ቢቻል በቆቡ ውስጠኛ በኩል። የሚወጣው መጠን ትንሽ፣ የቦታው ምርጫ ጥንቁቅ መሆን አለበት። ጉብታውና ጉድጓዱ ጎን ለጎን ካሉ ስቡን ከማውጣት ይልቅ አጥንቱን አሻግሮ ጉድጓዱ ላይ ማንጠፍ ይሻላል። አንዱን በሌላው ማስተካከል ነው፣ ዓይኑም አይጎደጉድም። ድጋሚ ሥራ ከመጀመሪያው የሚለየው በጠባሳው ነው። በአፍንጫ በኩልና በመሐል ባሉት ስቦች መካከል ዓይንን የምታዞር ትንሽ ጡንቻ አለች፤ ጠባሳ ውስጥ ስትደበቅ ለመጎዳት ቅርብ ናት፣ ከተጎዳች ሁለት ሁለት ታሳያለች። ለዚህ ሥራ ልምድ ያለው እጅ የሚፈለገው ለዚህ ነው።

ስቡ ካለቀና ጉድጓድ ከቀረ መሙላት ይቻላል። አንዱ መንገድ ፊለር ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ኤፍዲኤ በጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጁቬደርም ቮልቤላ የተባለውን ለዓይን ሥር ጉድጓድ ፈቅዷል። ጥቅሙ ካልተወደደ ሃያሉሮኒዴዝ በሚባል መርፌ መሟሟቱ ነው። አደጋው ደግሞ ወደ ደም ሥር ከገባ፣ አልፎ አልፎ ቢሆንም፣ የማይመለስ ዓይነ ስውርነት ማምጣቱ ነው። የተሠራ ቆብ ውስጥ ደግሞ ጠባሳ የደም ሥሮችን መንገድ ያዛባል። በውበት ሳሎን ውስጥ፣ ሐኪም ባልሆነ ሰው እጅ ይህን መርፌ ዓይንዎ ሥር አያስወጉ፤ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ። ሁለተኛው መንገድ ከሆድ ወይም ከጭን የራስን ስብ ወስዶ መትከል ነው። ከተተከለው የሚቀረው ከፊሉ ብቻ ነው፣ ቋጠሮ ከሠራ ማውጣቱ አስቸጋሪ ነው፣ ሰውነት ሲወፍር አብሮ ሊወፍርም ይችላል። ብዙ ስብ ለወጣለት ዓይን ግን ጥሩ እጅ ካገኘ ከፊለር የበለጠ ዘላቂ ነው።

እብጠቱ የድሮ ፊለር ከሆነ መጀመሪያ ማሟሟት ነው። ሃያሉሮኒዴዝ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ውጤቱን ያሳያል። ከዚያ ሳምንታት ጠብቆ የቀረውን ማየት ያስፈልጋል፤ ሌላ ነገር ላያስፈልግም ይችላል። ንብ ወይም ተርብ ሲነድፍዎ ሰውነትዎ ክፉኛ የሚቆጣ ከሆነ መርፌውን ከመወጋትዎ በፊት ለሐኪሙ ይንገሩ።

ፌስቱን ከሁሉም አስቸጋሪው ነው፤ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል ብሎ ቃል የሚገባልዎትን ሰው አይመኑ። ጨው መቀነስና አለርጂ ማከም ይረዳል። በአንዳንድ ቦታ ዶክሲሳይክሊን የተባለው መድኃኒት በመርፌ ይሰጣል። ቆርጦ ማውጣትም አለ፤ ጉንጭ ላይ መስመር ይተዋል። ሌዘርና በመርፌ የሚሰጥ የሬዲዮ ሞገድ ሙቀት ቆዳውን ያጠብቃሉ። እዚህ ላይ ለእኛ ቆዳ ቀለም ልዩ ጥንቃቄ አለ፦ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘርና ጠንካራ የኬሚካል ልጣጭ ጥቁር ወይም ጠይም ቆዳ ላይ ለወራት የሚቆይ ጥቁረት ሊተዉ ይችላሉ። ለፈረንጅ ቆዳ የተስተካከለ ሌዘር ዓይንዎ ሥር ከመውረዱ በፊት «እንደ እኔ ቆዳ ያለው ሰው ላይ ሠርተው ያውቃሉ? ፎቶውን ያሳዩኝ» ይበሉ። የሬዲዮ ሞገዱ ቀለም ላይ ያለው አደጋ ይቀንሳል። ጠባሳ ያብጥብኛል ብለው ለሚፈሩ ደግሞ መልካም ዜና አለ፤ ደረትና ጆሮ ላይ ኬሎይድ የሚያወጣ ሰው እንኳን ዓይን ቆብ ላይ እንዲህ የሚሆነው እምብዛም ነው።

ቆዳው ብቻ ላልቶ ከተሸበሸበ ትንሽ ቆዳ ቆንጥጦ መቁረጥ ይቻላል። ግን ከዚህ በፊት ቆዳ ከተቆረጠልዎ በሚሊሜትር ይለካል፤ ትርፍ የለውም።

ቆቡ ወደ ታች የተጎተተ ከሆነ ሌላው ሁሉ ይቆይ። ምልክቶቹ ከጥቁሩ የዓይን ክፍል በታች ነጩ መታየቱ፣ ዓይን አሸዋ የገባበት ያህል መቆርቆሩ፣ ዕንባ መብዛቱ፣ ተኝተው ዓይንዎ ሙሉ በሙሉ አለመዘጋቱ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሐኪሙ የሚያሳይዎትን ወደ ላይ የመግፋት ማሸት፣ የዓይን ጠብታና የማታ ቅባት ይጠቀማሉ። ካልተመለሰ የዓይኑን ውጫዊ ጥግ አጥብቆ መስፋት፣ ከባድ ሲሆን ከላንቃ ቁራጭ ወስዶ ቆቡን ማስረዘም ይደረጋል። እዚህ የሚጠበቀው የዓይኑ ጤና ነው።

ክሬምን በተመለከተ፣ ካፌይን ያለበት ለጥቂት ሰዓት ፈሳሽ ይቀንሳል፤ ሬቲኖል በወራት ሂደት ቆዳውን ትንሽ ያጠነክራል። ስብን የሚያጠፋ ክሬም የለም። የኪንታሮት ቅባት ዓይን ሥር አይቀባም። በየሱቁ የሚሸጡ ስቴሮይድ ያለባቸው ማቅያ ክሬሞች የቆብን ቆዳ ያሳሳሉ፣ የዓይን ግፊትም ከፍ ያደርጋሉ። «ስብ አቅላጭ» የሚባሉ መርፌዎችንም ይሽሹ፤ ዲኦክሲኮሊክ አሲድ በ2015 እ.ኤ.አ. በኤፍዲኤ የተፈቀደው ከአገጭ ሥር ላለ ስብ እንጂ ለዓይን አይደለም።

6. እጁን ይምረጡ

ለድጋሚ ሥራ የሚሻለው ኦኩሎፕላስቲክ የሚባለው ነው፤ የዓይን ሕክምና ተምሮ በቆብና በዓይን ዙሪያ ቀዶ ሕክምና የሠለጠነ ሐኪም። በአሜሪካ ያሉ አንባቢዎች ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለውን የኦኩሎፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር፣ ኤኤስኦፒአርኤስን፣ የአባላት ዝርዝር ማየት ይችላሉ። በብሪታንያ የጠቅላላ ሕክምና ምክር ቤት መዝገብ አለ። በአዲስ አበባ ከዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ጀምሮ የዓይን ሐኪም ወደ ኦኩሎፕላስቲክ ሐኪም እንዲልክዎ መጠየቅ ይቻላል። ወደ ኢስታንቡል፣ ዱባይ ወይም ባንኮክ ሄደው የሚሠሩ ከሆነ ከሆቴሉና ከአየር ትኬቱ በፊት «ከተመለስኩ በኋላ ችግር ቢመጣ ማን ያየኛል?» ብለው ይጠይቁ፤ ስፌቱ ሳይወጣና ሐኪሙ ሳያይዎትም አይመለሱ።

ሐኪሙ ቆቡን በጣቱ ጎትቶ ምን ያህል ቶሎ እንደሚመለስ ካላየ፣ የዕንባዎን መጠን በወረቀት ካልለካ፣ የዓይንዎንና የጉንጭ አጥንትዎን በጎን ካላመዛዘነ ገና አልመረመረዎትም። በወር ስንት ድጋሚ ሥራ እንደሚሠራ፣ ውጤቱ ካልተሳካ ማን እንደሚከፍል ይጠይቁ። ምንም አለማድረግንም እንደ አማራጭ የሚያነሣ ሐኪም ክብር ይገባዋል።

7. ከሥራው በፊትና በኋላ

አስፕሪን፣ ዋርፋሪንና ክሎፒዶግሬል ደም ያቀጥናሉ፤ ለልብ ወይም ለስትሮክ ያዘዘልዎት ሐኪም ሳይፈቅድ ግን በራስዎ አያቁሙ። አይቡፕሮፌን፣ የዓሣ ዘይት፣ ቫይታሚን ኢ፣ ለመድኃኒት ብለው በብዛት የሚወስዱት ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና አብሽ ካለ ለሐኪሙ ይንገሩ። ጫት የደም ግፊትንና የልብ ምትን ከፍ ያደርጋል፤ ሲጋራና ሺሻ ቁስል ያዘገያሉ። ግፊትዎ ሳይረጋ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል አይግቡ።

ከተሠሩ በኋላ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ሐኪሙ እንዳዘዘዎት ቀዝቃዛ ጨርቅ ያድርጉ፣ ራስዎን ከፍ አድርገው ይተኙ። ቢያንስ ለሳምንት ከባድ ነገር አያንሡ፣ አይጎንበሱ። ይህ ስግደትንም ይጨምራል፤ ግንባር መሬት ሲነካ ደም ወደ ፊት ይወርዳልና እስኪፈቀድልዎ ድረስ ተቀምጠው ይጸልዩ ወይም ይስገዱ። ኩል ለሳምንታት ይቅር። ቡና ሲፈላ ከጭሱ ራቅ ብለው ይቀመጡ።

ዓይንዎ ሥር ከተሠራ በኋላ፣ በተለይ በመጀመሪያው ቀን፣ ከባድ ሕመም፣ ዓይን እንደ ድንጋይ መጠንከርና ወደ ፊት መውጣት፣ ወይም እይታ መደብዘዝ ከመጣ ከዓይን ኳስ ጀርባ ደም እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ክሊኒኩ ስልክ እስኪያነሣ አይጠብቁ፤ በዚያች ሰዓት በአቅራቢያዎ ወዳለ የድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።